የማሻው ጎማ ላይ ያየሁት እጅ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለሙላው
ማሻ፣ ግንድ ከሚጎተትበት ጫካ

ሙልዬ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ ወረቀት አላባክንም፤ መልሱን በቃሌ ይዤዋለሁ። «ደህና ነኝ ሰብልዬ፣ ኔትወርኩ ነው» ትለኛለህ። ሁለት ቃል ሳንለዋወጥ መስመሩ ይቋረጣል፣ ጥፋቱም የማሻ ተራራ ይሆናል። ወረቀት ግን ኔትወርክ አይጠይቅም። ሹፌሩ ባንቲሁን ለአሠሪህ ለአቶ ደስታው ማሽኖች የመጣውን መለዋወጫ ከወደብ ጭኖ ነገ ጠዋት ወደናንተ ስለሚነሳ ይህን ደብዳቤ በእጅህ ይሰጥሃል። «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አይሰማም» ብለህ የምታመልጥበት ቀዳዳ የለውም። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

እኔን ከጠየቅኸኝ አለሁ። ሙቀቱ ገና በግንቦት ጉሮሮ ማነቅ ጀምሯል። ቀትር ላይ ጫቱ ከተማ ከገባ በኋላ ጅቡቲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር እንደሌለ ታውቃለህ፤ ደንበኛውም ጠበኛውም ጥላውን ፈልጎ ይጋደማል። እኔም የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ፣ ማራገቢያውን ወደ ፊቴ አዙሬ፣ በተደራረቡ ጎማዎች ላይ ጣውላ አጋድሜ እጽፍልሃለሁ።

ሥራ ሞልቷል። ባለፈው ሳምንት አምቡሊ በኩል ያለው የጣውላ ግቢ አስጠራኝ። ግንድ በጥፍሩ አንቆ የሚያነሳው ትልቁ ሎደራቸው ቆሟል። የጣውላ እስር የሚታሰርበት የብረት ጥብጣብ መሬት ላይ ወድቆ ኖሮ፣ ማሽኑ ሲዞርበት የጎማውን ጎን ዘንጥሎታል። ክንዴ እስከ ክርኔ ይገባበታል። የግቢው አለቃ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ማዳም፣ ሙስዩ የታለ?» አለኝ። «ሙስዩ ጫካ ነው፤ ዛሬ ያለሁት እኔ ነኝ» አልኩት። የቀን ሠራተኞቹ በክሪክ አንስተው ቸርኬውን አወጡልኝ። ከዚያ የተዘነጠለውን ጠርዝ አስተካክዬ ቆረጥኩ፣ ሞረድኩ፣ ማስቲሹን ቀብቼ ጣት እስከማይዝ አደረቅሁት፣ ጥሬውን ጎማ በላይ በላዩ ሞላሁ፣ የውስጡን ልጣፊ ለጠፍኩና ልጣፊውን በሙቀት የሚያጣብቀውን መጋገሪያችንን ከሁለት በኩል አጥብቄ አሰርኩበት። ጎማው ውስጥ ተጠቅልዬ ስሠራ ላቤ ዐይኔ ውስጥ እየገባ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። በማግስቱ ሎደሩ ግንዱን ታቅፎ ሲሄድ ጥገናው ንቅንቅ አላለም። አሁን ግቢው በሙሉ «ማዳም ፕኔ» ይለኛል፤ ማዳም ጎማ ማለታቸው ነው።

ደስ ብሎኝ ያንን ልነግርህ ደወልኩ። በዚህ ዓለም ላይ ያ ጎማ ምን ያህል እንዳስቸገረኝ የሚገባው ሰው አንተ ብቻ ነህ። ስልኩ ተነሳ። የሴት ድምፅ ነበር።

«ሙላው አሁን ስልክ መያዝ አይመቸውም፤ ቆይቶ ይደውልልሽ?» አለችኝ። በትሕትና፣ ረጋ ብላ፣ እንደ ቤት እመቤት! «ማን ልበል?» አልኳት። «ኤሌኒ ነኝ» አለች። እንደገና «ማን ነሽ?» አልልም፤ አውቃታለሁ። አንተ ነህ ያሳወቅኸኝ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

የኤሌኒን ስም መጀመሪያ የሰማሁት በጥር ነው። የካምፑ ምግብ አብሳይና የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ መሆኗን፣ ሽሮዋ እጅ እንደሚያስቆረጥም ነገርከኝ። እሺ፣ ሰው ይበላል። ቀጥሎ «ኤሌኒ እንዲህ አለች» መጣ፤ ቀጥሎ «ኤሌኒ ስትስቅ ብታያት» መጣ። ከዓቢይ ጾም መግቢያ ወዲህ ግን ስሟ ከአፍህ ጠፋ። ስሟን ስታነሳ ተቃጥዬ ነበር፤ ስሟን ስትተው ነደድኩ። ወንድ ልጅ ዝም ብሎ የሴት ስም አይረሳም ሙልዬ። የሚነገረው ነገር ሲያልቅ ሳይሆን የማይነገረው ሲጀመር ነው ዝም የሚባለው።

በፋሲካ የላክኸው ፎቶ እነሆ ስልኬ ላይ አለ። ሠራተኛው ተሰብስቦ ዶሮ ሲበላ። አንተ ከማን እንደተዋስኸው የማላውቀውን ሰፊ ጃኬት ለብሰህ፣ ቀኝ እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተህ፣ እንደ አዲስ ሹም ቆመሃል። ከጎንህ አንዲት ቀይ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት ጭልፋ ይዛለች። ምስሉን በሁለት ጣቴ ወጥሬ ወጥሬ የጥርሷን ቁጥር ላውቀው ምንም አልቀረኝም። ጭልፋውን የያዘችው በግራ እጇ ነው። ግራኝ ናት። ያን ቀን ይህ ምንም አልመሰለኝም ነበር።

ከዚያ የጎማውን ፎቶ ላክህ። «የግንድ ጎታቹ የኋላ ጎማ ነው፤ ጉቶ ወግቶት ነበር፣ እይልኝ፣ ሙያዬን አልረሳሁም» ብለህ። ሙልዬ፣ ለማን ነው ይህን የምትልከው? ለጎሚስታ ወልደየሱስ ልጅ ነው እኮ! ሌላ ሚስት ቢሆን «ጎበዝ» ብላ ታልፈው ነበር። እኔ ግን ልጣፊው ላይ፣ እየተሽከረከረች የምትጫነውን የመዳመጫዋን የጥርስ አሻራ አየሁ። አባቴ ምን እያለ እንዳስተማረን ታስታውሳለህ። ቀኝ እጅ ሲዳምጥ አሻራው ከመሐል ወደ ዳር እየገፋ ወደ ቀኝ ይጋደማል፤ ግራ እጅ ሲሆን ወደ ግራ ይጋደማል። የማሻው ጎማ ላይ ያለው አሻራ ከዳር እስከ ዳር ወደ ግራ የተጋደመ ነው። ፎቶው ተገልብጦ ይሆናል ብዬ የጎማውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ ጽሑፉ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ያ ጎማ በግራ እጅ ነው የተዳመጠው። አንተ ደግሞ እንኳን መዳመጫ ማንኪያም በግራህ አትይዝም።

አስተማርካት ማለት ነው።

አባቴ ድሬዳዋ ለገሃር ጋ በነበረው ሱቁ ስንት ሰው አስተማረ፤ ተራ የጎማ ቀዳዳ መድፈንማ ለመጣው ሁሉ አሳየ። የትልቅ ማሽን ጎማ ጎን መጠገን ግን «ከቤት አይውጣ» ብሎ ለኔ ብቻ ያቆየው ነበር። አንተ አምስት ዓመት በሱቁ ስትሠራ እንኳ መጋገሪያውን አላስነካህም። ከሠርጋችን በኋላ ነው «ና እንግዲህ፣ አሁን የቤት ሰው ነህ» ብሎ የጠራህ። አንድ ሰው ከጎማው ውስጥ፣ አንድ ሰው ከውጭ፤ ውስጥ ያለው ሲገፋ ውጪ ያለው ይመክታል፣ ልጣፊው አየር እንዳይዝ። አንተ ከውስጥ ስትገፋ የእጅህ ሙቀት በጎማው ውፍረት ውስጥ አልፎ መዳፌ ላይ የሚደርሰኝ ይመስለኝ ነበር። ጅልነት ነው፣ አውቃለሁ፤ ያን የሚያህል ጎማ ሙቀት አያሳልፍም። እኔ ግን ከሠርጌ ይልቅ ያን ቀን ነው ያገባሁህ። አሁን ያንን ለሽሮ ሠሪ ሰጠኸው። ብትስማት ይሻል ነበር ልልህ ምንም አልቀረኝም፤ ግን አልልም፣ እሱም አይሻልም።

ለአከራያችን ለሩዋይዳ ነገርኳት። በረዶ ስትሸጥ ውላ ደክሟት አጠገቤ ቁጭ ብላ ነበር። «ያ ሰብሊ፣» አለችኝ፣ «ወንድ ሩቅ አገር ሦስት ወር ይቆያል፤ ከሦስት ወር በላይ ከሆነ ወላሂ ቤት አለው። ኻላስ!» እሷ የሦስት ወንድ ልምድ አላት። እኔ አንድ ነው ያለኝ፣ እሱንም እንዲህ አደረግኸኝ። አቶ ደስታው ማሽኖቹን ከወደቡ ሲያወጣ «ለሦስት ወር ብቻ ስጪኝ» ብሎ አልነበር የወሰደህ? ሦስቱ ወር ሌላ ሦስት ወር ወለደ፣ እሱም ሌላ። «በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ» ስትል እኔም «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» እያልኩ ይኸው ዓመት አለፈኝ።

ስለዚህ ቆርጫለሁ። ልብስህን በሙሉ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በማዳበሪያ ከትቼ አፉን ሰፍቼዋለሁ። ከደብዳቤው ጋር ባንቲሁን ያደርስልሃል። ጥቁሩ የሠርግ ሱፍህም አለበት፤ እዚያ ያስፈልግህ ይሆናል። መጋገሪያው የአባቴ ነው፣ እዚሁ ይቀራል። ስም መጠሪያ የምትሆን አንዲት መዳመጫ ይዘህ ሄደሃል፤ እሷን መልስልኝ። ሌላ የምጠይቅህ የለም። ለምኜህ የምትመለስ ባል አልፈልግም

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ዐረፍተ ነገሩ እንኳ አራት ነጥብ የለውም። ባንቲሁን ገባ።

ከየመኖቹ ቤት የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቶ «እህት ዓለም፣ ብቻዬን ከምበላ ብዬ ነው» ብሎ ጎማው ላይ ዘረጋው። ዓሣውን እየፈለፈለ ማዳበሪያውን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሙላው ልብስ ነው፤ ይዘህለት ትሄዳለህ።»

«ደግ አደረግሽ፣ ቸግሮታል» አለኝ። ከዚያ እጁን ጠራርጎ ማዳበሪያውን በላዩ ደባበሰው። «እጅጌ ሰፊ የሆነ ሸሚዝ ከትተሽለታል? ጠባቡ እኮ ጀሶውን አያሳልፍለትም።»

«የምን ጀሶ?»

ፊቱን ብታየው! ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። «አልነገረሽም እንዴ? ሰብሊ ሙች፣ ልብስ ስታዘጋጂ አውቀሽ መስሎኝ እኮ ነው» አለ። ከዚያ ወደ በሩ አየ፣ ወደ ዓሣው አየ። እኔ መዶሻውን አነሳሁ። አልመታውም ነበር፣ እሱ ግን አላወቀም። ሁሉንም ዘረገፈው።

በጾሙ መግቢያ ነፋስ ስትሞላ የቸርኬው ቀለበት ተፈናጥሮ ቀኝ ክንድህን ሁለት ቦታ እንደሰበረው ነገረኝ። ቀለበቱን የምናስርበትን ሰንሰለት ግንድ ለመጎተት ወስደውት ኖሮ፣ አንተም «አንድ ጊዜ ነው» ብለህ ያለ ሰንሰለት ሞላህ። መጀመሪያ ወጌሻ ጎትቶ አስሮህ አጥንቱ ተጣምሞ ገጠመ፤ በኋላ ሐኪም ቤት እንደገና ሰብረው አሰሩህ። እንደገና ሰብረው! እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ኔትወርክ ስረግም! ጣቶችህ እስካሁን አይጨብጡም አለኝ። የፋሲካው ጃኬትም የሱው የባንቲሁን ነው፤ እጅህን ኪስ ውስጥ ደብቀህ እንድትነሳ ያዋሰህ እሱ ነው። በማሻው ጎማ ላይ ያየሁት የግራ እጅ የኤሌኒ አይደለም። ያንተው ነው።

«ያችን አንዲት ጎማ ስንት ጊዜ ለጥፎ ስንት ጊዜ ቀደዳት መሰለሽ» አለኝ ባንቲሁን። «ግራው እምቢ ሲለው ጫካው ውስጥ ገብቶ ይጮህ ነበር። ሲሳካለት ልጅ መሰለ። ፎቶውን ለሰብሊ፣ መጀመሪያ ለሰብሊ አለ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ጎሚስታ በአንድ እጁ ምን ይሠራላታል፣ ቁጭ ብዬ ልትጦረኝ ነው? እጄ ካልተመለሰ አልመለስም ይላል። እኔንም በእመቤቴ አስምሎኛል።» ከዚያ መሐላውን እንዳፈረሰ ትዝ አለውና ራሱን ያዘ። አትቆጣው፤ ከሱ ጥፋት የኔ መዶሻ ይበልጣል።

ከላይ የጻፍኩትን ልቀደው ነበር፤ ተውኩት። ሦስት ወር ሙሉ ውስጤን ሲበላኝ የኖረውን አንተም ቁጭ ብለህ ብላው። ልብስህን ግን ከማዳበሪያው አውጥቼ ቁም ሣጥኑ ውስጥ መልሼዋለሁ። የምልክልህ እጅጌውን ቀድጄ ያሰፋሁትን ሰማያዊ ሸሚዝ ብቻ ነው፣ ለመንገድ። ባንቲሁን ማሻ ዕቃውን አራግፎ ሲመለስ ጋቢናው ውስጥ ቦታ ይዞልሃል። «ሙሉ በሙሉ ልዳን» አትበለኝ። ካህኑ ሲያጋቡን ከቀኝ እጅህ ጋር ነው ያጋቡኝ? የጣውላ ግቢውን ጎማ ብቻዬን እንደሠራሁት ከላይ አንብበሃል፤ እንጀራ የሚያበላ እጅ እዚህ ሁለት አለ። ከጎማው ውጭ የሚመክትልኝ ሰው ግን የለኝም፤ በጣውላ ደግፌ ነው የሠራሁት። ለመመከት ደግሞ ጣት መጨበጥ አያስፈልገውም፤ መዳፍና ትከሻ ይበቃል። ትከሻህም ተሰብሮ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ።

አሁን ቅናቴ የለቀቀኝ እንዳይመስልህ። የባሰኝ አሁን ነው።

ባንቲሁን አንድ ነገር ጀምሮ ዋጥ ሲያደርገው አየሁና አስተፋሁት። ያን ጎማ በግራህ ስትዳምጥ ከውጭ ሆና የመከተችልህ ኤሌኒ ናት። እንጀራ የምትቆርስልህ፣ የሸሚዝህን ቁልፍ የምትቆልፍልህ፣ ሐኪም ቤት ሦስት ቀን በር ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት። ያን ቀን ስልኩን ያነሳችውም በግራህ ጀሶውን ይዘህ፣ አንገትህ ላይ ጨርቁን ስታስርልህ ስለነበር ነው። ሌላ ነገር አለ ወይ ብዬ ባንቲሁንን ጠየቅሁት። «እኔ ያየሁት የለም» አለኝ። ሹፌር ሁሉን አያይም፤ ግን አምኜዋለሁ። ማመን ግን አላሳረፈኝም።

ብታገባት ኖሮ፣ ሰው እንደሚሰረቅ ተሰረቅሁ ብዬ፣ ሩዋይዳ ጋ ቁጭ ብዬ ረግሜህ አለቅስና ይወጣልኝ ነበር። አሁን ማንን ልርገም? ጩኸትህን የሰማችው እሷ ናት። አጥንትህ እንደገና ሲሰበር ፊትህ እንዴት እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ያ የኔ ነበር ሙላው! ደስታህን ለማንም በትን፣ ሳቅህንም ካምፑ ሁሉ ይከፋፈለው፤ ሕመምህ ግን የኔ ድርሻ ነበር። ለሷ እውነቱን ሰጥተህ ለኔ የጃኬት ፎቶ ላክህልኝ። ለራስህ ብለህ ያደረግኸው ነው፣ ለኔ አዝነህ አይደለም። ሰው ያየህ እንደሆነ አታፍርም፣ እኔ ያየሁህ እንደሆነ ታፍራለህ? ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይሉናል፤ አንተ ባሕሩን ትተህ ከጎረቤት ቀዳህ።

ይህን ስጽፍ ሩዋይዳ መጥታ ጀርባዬን እያሻሸችኝ «ኢሻአላህ ይመጣል፣ ካልመጣ እኔና አንቺ ሄደን እንጎትተዋለን» ትላለች። አማርኛ ማንበብ ባትችልም እንባዬ የወደቀበትን ቦታ እያሳየችኝ «ይሄን ደግመሽ ጻፊ፣ አይታይም» አለችኝ። አልደገምኩትም። ቢታይም ባይታይም እዚያ ጋ የጻፍኩት ስድብ ነው።

እንግዲህ ለኤሌኒ የሚባል ነገር አለ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰርዤዋለሁ፤ ስርዙን ታየዋለህ። አንዴ ደስ የሚል አድርጌ ብጽፈው ውሸት ሆነ፣ አንዴ እውነቱን ብጽፈው ብልግና ሆነ። ይኸውልህ፦ እግዜር ይስጥልኝ በላት። ወንድም ቢኖራት እንደምታደርገው ነው ያደረገችው፤ ወንድም ካላት ደግሞ ቢሰበር እኔ እይዝላታለሁ። ከሸሚዝህ ጋር የላክሁላት ሽቶ ከሜኔሊክ አደባባይ የተገዛ ነው፣ ርካሽ አይደለም። አንተ ፊት እንዳትቀባው።

አንድ ነገር ግን ካንተ ይልቅ እሷን መጠየቅ አለብኝ፤ አንተ ትዋሸኛለህ። ሐኪሙ ምን ብሎ እንዳዘዘ፣ ክንድህ እንዴት ሲያዝ እንደሚያምህ፣ ጨርቁ አንገትህ ላይ በየት በኩል እንደሚታሰር በወረቀት ጽፋ ለባንቲሁን ትስጠው። ከሷ መማር ሞቴ ነው፤ ግን እማራለሁ። ስትደርስ እጄ እንዳያሳምምህ ስለምፈልግ ነው።

መንገዱን ያቅናልህ፤ አጥንትህን የሠራው እሱ መልሶ ይጠግነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቴን የጠበቀልኝ አምላክ አንተንም በጋላፊ ኬላ በኩል በሰላም ያግባልኝ።

ሌሊት ሲጠዘጥዝህ በየትኛው ጎንህ ብትተኛ እንደሚቀልህ ግን እሷን አልጠይቃትም። ይህንን አንተው ራስህ፣ በግራ እጅህ፣ ቢጣመምም ቢጎብጥም ጻፍልኝ።

ሚስትህ
ሰብሊ ወልደየሱስ